በቀይ ማስቀመጫ የሚመጣው የሌላ ሰው ነው

ዲሴምበር 1፣ እሑድ

የክሊኒኳ ነርስ «አባት፣ የሚበሉትን ሁሉ በደብተር ይጻፉ» ስላለችኝ ነው ይሄን የጀመርኩት። ልጅ ሳለሁ ዓሣ ለማጥመድ ጀልባ ላይ ስለወጣሁ ከጃፓን ፊደላት ከባዱን አልደረስኩበትም። ቀላሉ ይበቃኛል።

ጠዋት፦ የሩዝ ገንፎ። ቀን፦ ሱሺ። ማታ፦ አላሰኘኝም።

ለነርሷ ይሄ ይበቃታል። ግን ደብተሩ ሰፊ ነው፣ ቤቱም ጭር ያለ ነው፤ ሚስቴ ኪኑኤ ከሞተች ወዲህ ከሬዲዮ በቀር የሚናገር የለም። ስለዚህ ሌላም ልጻፍ።

ዛሬ የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነው። ሳኦሪ የልጅ ልጄን ናጊን ይዛልኝ መጣች። ሳኦሪ የልጄ የዮሺሂቶ ሚስት ነበረች። የፍቺው ወረቀት ላይ ማኅተም ካረፈ ሁለት ዓመት አለፈ። እሱ ኦሳካ ገባ፣ ልጅቷ ከእናቷ ጋር ቀረች። ሳኦሪ ናጊን እንድታሳየኝ የሚያስገድዳት ምንም ነገር የለም። ግን በየወሩ መጀመሪያ እሑድ አውራ ጎዳናው ዳር፣ ከጎማ ቤቱ አጠገብ ያለው፣ ሳህኑ በሚንቀሳቀስ መስመር የሚመጣበት የሚዞር ሱሺ ቤት ይዛት ትመጣለች፤ ሦስታችን እንበላለን። እስካሁንም «አባባ» ነው የምትለኝ። አምጪልኝ ብያት አላውቅም። ወንድ ልጅ አይለምንም።

እኔ ሁልጊዜ ሳህኖቹ የሚሄዱበት መስመር ከሚመጣበት በኩል ነው የምቀመጠው፤ ናጊ ከፊት ለፊቴ። ሳህኑ መጀመሪያ እኔ ዘንድ፣ ከዚያ እሷ ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ ማንሳት የኔ ሥራ ነው። ዛሬ አንድ ያማረ የማኬሬል ዓሣ ሱሺ፣ ሩዙ ላይ ተጋድሞ፣ ቀይ ማስቀመጫ ላይ ጉብ ብሎ መጣ። አነሳሁት።

«አያቴ! ምን አደረግክ!»

«ምን አደረግኩ? በፊቴ ሲያልፍ ያዝኩት። ዓሣ እንዲህ ነው የሚያዘው።»

«በቀይ ማስቀመጫ የሚመጣው የሌላ ሰው ነው እኮ! ያዘዘ ሰው አለ! አሁን እየጠበቀ ነው!»

ልመልሰው እጄን ስዘረጋ ሳኦሪ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «አባባ፣ አንዴ ከመስመሩ የወረደ ሳህን አይመለስም።»

ከኛ ቀጥሎ ያለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ጎረምሳ አንገቱን አስግጎ ባዶውን መስመር ያያል። ምን ላድርግ፣ ተነሥቼ ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩት። ለአንዲት ማኬሬል! «ይብሉት አባት፣ ሌላ አዛለሁ» አለኝ። ናጊ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«እንዲህ የምትስቂ ከሆነማ የሚቀጥለውንም እሰርቀዋለሁ» አልኳት።

ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ባዶ ሳህን የሚጨመርበት ቀዳዳ አለ። አምስት ሳህን ሲገባ ስክሪኑ ላይ ጨዋታ ይመጣል፤ ከቀናህ ከላይ መጫወቻ ያለበት የፕላስቲክ እንቁላል ዱብ ይላል። ናጊ አንድ የእንቁላል ሱሺ፣ አንድ የበቆሎ ትበላና ጠገብኩ ትላለች። ሳኦሪ እንደ ወፍ ነው የምትለቅመው። የቀረው በኔ ላይ ነው። ናጊ ሳህኖቹን እያየች «ሁለት ብቻ ቀረን አያቴ» ስትል በቃኝ የሚል አያት ካለ አሳዩኝ።

እንቁላሉ አልወደቀም።

እነሱ በመኪና ከሄዱ በኋላ ከጎማ ቤቱ ኋላ ትንሽ ቆሜ ነበር። አየር ለመቀበል ነው።

ዲሴምበር 11

ክሊኒክ። ነርሷ «ደብተሩስ?» አለች። ረስቼው መጣሁ አልኳት።

በመከር ሆዴን ከፍተው ጨጓራዬን አብዛኛውን ቆርጠው አወጡት። «አብዛኛውን» ያለው ሐኪሙ ነው፤ እኔ ጥቂቱን ነው የምለው። ለሳኦሪ ግን ፍል ውኃ ሄጄ ከረምኩ ብያታለሁ። ለዮሺሂቶም ያንኑ። እሱ «ጥሩ ነው» አለና ስልኩን ዘጋ። ስለ ናጊ ሳይጠይቅ።

ዲሴምበር 20

ነፋስ። ጀልባዎቹ አልወጡም። ጎረቤቴ ጎንዳ፣ የድሮው መረብ ጠጋኝ፣ ከጓሮው የነቀለውን ጠንካራ የነጭ ራዲሽ ሥር ተሸክሞ መጣ።

«ቶኩጂ፣ ሱሪህን ከዝሆን ነው የተዋስከው? አንተ ውስጡ የለህም እኮ» አለኝ።

«አንተ ጥርስ የሌለህ ራዲሽ ትሸከማለህ፤ እኔ ሱሪ ቢሰፋብኝ ምን አለ?»

ቀበቶዬ ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ እንደበሳሁ አየ። ራዲሹን አስቀምጦ ወጣ። ጎንዳ ሳይቀልድ ሲወጣ ደስ አይለኝም።

የበላሁት፦ የተቀቀለ ራዲሽ፣ ትንሽ። እንዲያውም ይሄ እውነት ነው።

ጃንዋሪ 5፣ እሑድ

አዲስ ዓመት ስለሆነ ሱሺ ቤቱ ጢም ብሏል። ሰው እስኪጠራን በር ላይ ስንጠብቅ ናጊ እጇን ኪሴ ውስጥ ከታ ቆመች። የራሷ ኪስ እያላት።

ወንበር ካገኘን በኋላ ሳኦሪ ሻይዋን ሳትጠጣ እያሽከረከረች ቆየች። ከባድ ዕቃ ከማንሳቱ በፊት እንደሚያመነታ ሰው።

«አባባ፣ በሚቀጥለው ወር አንድ ሰው ይዤ ብመጣ ቅር ይልዎታል?»

«ሱሺ ቤቱ የኔ አይደለም። የፈለገ ይምጣ።»

«ሆሶዳ ይባላል። በማርች መጨረሻ ሂሮሺማ ልንገባ ነው፤ ሥራው እዚያ ነው። ናጊ ትምህርት ቤት የምትጀምረውም እዚያ...»

«ሂሮሺማ ከተማ ነው። ጥሩ ነው» አልኩ።

ጥሩ ነው አልኩ። ከአፌ የወጣው ልክ እንደ ዮሺሂቶ ነው።

ናጊ እኔን እኔን ታያለች። «አያቴ፣ ቱናው አለፈህ።» እውነትም አልፎኛል። ዛሬ ብዙ አለፈኝ።

ሂሮሺማ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ሁለት ሰዓት ለባሕር ሰው ምንም ማለት አይደለም። ግን ሰው ሳይጠራ እንዴት ሰው ቤት ይሄዳል?

ጃንዋሪ 15

የትምህርት ቤት ቦርሳ የሚገዛው አያት ነው። በኛ ወግ እንዲህ ነው፤ የናጊ አባት ኦሳካ ቢጠፋ አያቷ አልጠፋም። ሃማዳ ከተማ ወርጄ ሱቅ ገባሁ። ሻጯ «አባት፣ ሰው እኮ በበጋ ነው የሚገዛው፤ አሁን የቀሩት እነዚህ ናቸው» አለችኝ። አንድ ቀይ ነበር፤ ደማቅ፣ ወፍራም ቆዳ፣ ስድስቱንም ዓመት የሚችል። ወደ ትከሻዬ አስጠግቼ ለካሁት፤ ሻጯ ሳቀች። ቀለሙን ናጊ ትምረጥ ብዬ እስከ እሑዱ አስቀምጪልኝ አልኳት።

የበላሁት፦ ቶፉ፣ ያው የአኩሪ አተር አይቡ። ዳቦ። ዳቦው አልተስማማም።

ፌብሩዋሪ 2፣ እሑድ

መሽቷል። ቢሆንም ልጻፍ።

ሰውየው መጣ። ሆሶዳ። ሊፍት ጠጋኝ ነው። ረጅም ነው፤ ሲጎነብስ በግማሽ ይታጠፋል። «አባት፣ ስለተቀበሉኝ አመሰግናለሁ» አለኝ። የማን አባት ነኝ? አልኩ በልቤ። በአፌ «ተቀመጥ» ብቻ አልኩት። አጠገቤ ተቀመጠ።

ናጊ ገና ሳትቀመጥ «አያቴ፣ ቦርሳዬ ሐምራዊ ነው! የሂሮሺማዋ አያቴ ነች የገዛችልኝ!» አለች። የሰውየው እናት ማለቷ ነው። ሐምራዊ ያምራል አልኳት። አሁን የሴት ልጅ ቦርሳ ሐምራዊ ነው መሰለኝ። እኔ አላውቅም።

ከዚያ ሳኦሪ ናጊን እጅ ልታስታጥብ ይዛት ሄደች። ሁለት ወንዶች ቀረን። ሰውየው ስክሪኑን ነካ ነካ አደረገ። እኔ መስመሩን አያለሁ። አንድ ሳህን በቀይ ማስቀመጫ መጣ፤ ትንሽዬ ቱና፣ ሩዟ የልጅ አውራ ጣት የምታህል። አሁን ሕጉን ስለማውቅ አገጬን ቀና አድርጌ አሳለፍኳት። ሌላ መጣ። እሱንም አሳለፍኩ። በእንፋሎት የበሰለ እንቁላል ክዳኑን ደፍቶ መጣ፤ እሱም እንደ አለቃ መኪና በፊቴ አለፈ። ስክሪኑ ጢን ጢን ይላል፤ ስክሪን ሥራው ጢን ማለት ነው። ሰውየው አንዴ አፉን ከፈተ፣ ዘጋው። ጆሮው ቀላ።

ናጊ ተመልሳ መስመሩን አየችና ጮኸች። «አያቴ! ቁጥሩን አላየህም? የጠረጴዛችን ቁጥር እኮ ነው! የኛ ነው ያለፈው!»

«በቀይ ማስቀመጫ የሚመጣው የሌላ ሰው ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

«የኛ ቁጥር ካለበትማ የኛ ነው!»

ሆሶዳ እንደገና ታጠፈ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ለእርስዎ ነበር ያዘዝኩት። ሩዙን አሳንሱልኝ ብዬ ነበር። ሲያሳልፉት ጊዜ... አልፈለጉትም ብዬ ነው።»

ለኔ ሩዝ አሳንሶ አዘዘልኝ! ጥርስ እንደሚያወጣ ሕፃን። ማን ነገረው? ሳኦሪን አየኋት፤ ሳኦሪ ሻዩን አየች።

ያኔ ነው እልክ የያዘኝ። ከመስመሩ የመጣውን ሁሉ አነሣሁ። ስኩዊድ፣ ሳልሞን፣ ኦክቶፐስ፣ ሙሉ ሩዙን። ናጊ ሳህኑን ወደ ቀዳዳው እየጨመረች ታጨበጭባለች። እንቁላሉ ወደቀ! ውስጡ ትንሽ የሸርጣን ቁልፍ መያዣ። ደስታዋን ባያችሁ።

ከዚያ መጸዳጃ ቤት ሄድኩ። ቶሎ አልወጣሁም። ሰውየው ተከትሎኝ መጥቶ ኖሮ አንድ ትልቅ እጅ ጀርባዬ ላይ ዐረፈ። ሂድ አልኩት። አልሄደም። ፎጣ አርጥቦ ሰጠኝ። «ሳኦሪ አበላልዎን ስትነግረኝ ገባኝ፤ የእናቴም ጨጓራ እንደዚሁ ተቆርጧል። ዓሣው ደህና ነው፤ የሚከብደው ሩዙ ነው» አለ።

ስንወጣ ሳኦሪ በር ላይ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ፍል ውኃ ሰው አያከሳም አባባ። ከዲሴምበር ጀምሮ እየጠበቅኩ ነው፣ ዛሬ ይነግሩኛል፣ ዛሬ ይነግሩኛል ብዬ። ለናጊ መጫወቻ ብለው ራስዎን ሊገድሉ ነው?»

«ማንም አልሞተም» አልኩ።

«እልከኛ!» አለችኝ። ከዚያ የኮቴን ቁልፍ እስከ አንገቴ ቆለፈችልኝ፤ ናጊን እንደምትቆልፍላት።

ፌብሩዋሪ 3

ሱቁ ደውዬ ቀዩን ቦርሳ ሽጪው አልኳት።

ፌብሩዋሪ 4

ነርሷ ደብተሩን ብታይ ምን ትል ይሆን። አታየውም።

ፌብሩዋሪ 17

ሳኦሪ በየሁለት ቀኑ ትደውላለች። ምን በሉ? ትላለች። ገንፎ። ሌላስ? ሌላ ገንፎ። ትስቃለች። ስልኩን ስዘጋ ቤቱ ከበፊቱ የባሰ ጭር ይላል፤ ስለዚህ አትደውዪ ልላት ነበር። አላልኳትም።

ጎንዳ ዛሬ ከሰፈሩ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ስንመለስ እንዲህ አለኝ። «ቶኩጂ፣ እንደ ወንድም ልንገርህ። ሰውየው ልጅቷን በስሙ ሊያስመዘግብ ነው። አዲስ አባት፣ አዲስ አያቶች። የድሮው ባል አባት በየወሩ ብቅ ሲል ለእነሱ ምን ስሜት ይሰጣል? ለልጅቷ ስትል ወደ ኋላ በል። የእህቴ የድሮ ባል አባት እንደዚያ ነው ያደረገው። ሰው ሁሉ አከበረው።»

«እሱ ምን ሆነ?»

«ማን?»

«ወደ ኋላ ያለው ሰውዬ።»

«ሞተ መሰለኝ» አለ ጎንዳ።

ግን ነገሩ እውነት አለው። ትዳሯን ጥሎ የሄደው የኔ ልጅ ነው። እኔ በምን ፊት ነው አምጪልኝ የምለው? ሳይገፉኝ በፊት ራሴ ብወጣ ይሻላል። በክብር።

ማርች 2፣ እሑድ

ዛሬ ሩዙ ያነሰውን በላሁ። ሳኦሪ ዓይኗን ከኔ ላይ አላነሣችም፣ ምን ላድርግ።

ሳህኑን የሞላው ሆሶዳ ነው። አዲስ እንደተቀጠረ የጀልባ ሠራተኛ ነው የሚበላው፤ ማኘኩንም አላየሁም። ናጊ «ሁለት ብቻ ቀረን» ስትል አሁን የምታየው እሱን ነው። አያሳፍራትም። ሁለት እንቁላል ወደቀላት። ከፍታ መጀመሪያ ለሱ አሳየችው፣ ከዚያ ለኔ። ልክ ነው፤ እሱ ነው ቅርብ የተቀመጠው።

አይደለም። እኔ ነኝ ቅርብ የነበርኩት።

ጥሩ ሰው ነው። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ማርች 14

የምለውን እየተለማመድኩ ነው። ለኪኑኤ ፎቶ ነው የምለው። «ሳኦሪ፣ እስካሁን ስላመጣሽልኝ አመሰግናለሁ። ከእንግዲህ ማምጣት አያስፈልግም።» አጭር ነው። ኪኑኤ በሕይወት ብትሆን ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ፎቶዋን ሳላያት ነው አሁን የምለማመደው።

ማርች 19

አላስፈልጋቸውም። ይሄ ሐዘን አይደለም፤ ጀልባ ተሸጦ አዲሱ ባለቤት በደንብ ሲይዘው እንደማየት ነው።

የበላሁት፦ ረሳሁት።

ማርች 23፣ እሑድ

መጨረሻው እሑድ። ዕቃቸው ተጭኖ ሂሮሺማ ገብቷል፤ እነሱ ማክሰኞ ይሄዳሉ። ፀጉሬን ተስተካክዬ፣ የለቅሶና የሠርግ ኮቴን ለብሼ ሄድኩ። ናጊ «አያቴ ማን ሞተ?» አለችኝ። ማንም አልሞተም አልኳት፤ ይሄን ቃል ዘንድሮ ደጋገምኩት።

ምሳው እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። ቃሌን እንደ ትኩስ ድንች አፌ ውስጥ ይዤ ነው የቆየሁት። ወጥተን መኪና ማቆሚያው ላይ ሆሶዳ ለናጊ የመኪና ወንበሯን ቀበቶ ሲያስርላት፣ ሳኦሪን ወደ ጎን ጠራኋት። ተናገርኩ። እንደተለማመድኩት፣ አንድ ቃል ሳልስት።

«ሳኦሪ፣ እስካሁን ስላመጣሽልኝ አመሰግናለሁ። ከእንግዲህ ማምጣት አያስፈልግም። አዲስ ቤት ነው፤ እኔ መሃል መግባት የለብኝም።»

ታመሰግነኛለች ብዬ ነበር። ፊቷ በጥፊ እንደተመታ ሰው ሆነ።

«አባባ፣ ይሄን ስንት ቀን አሰቡበት?»

«ብዙ።»

«እኔ ከእርስዎ ቤት ለናጊ ብዙ መልእክት ተሸክሜያለሁ። አባትሽ ዛሬ አይመጣም፣ አባትሽ ሥራ በዝቶበታል፣ አባትሽ ስልኩ ጠፍቶበታል። ሁሉንም እኔ ነኝ የነገርኳት፤ ፊቷንም ያየሁት እኔ ነኝ። ይሄኛውን አልሸከምም። መገናኘቱን የማይፈልጉት እርስዎ ከሆኑ ሄደው ራስዎ ይንገሯት።»

«አልፈልግም መቼ አልኩ?»

«ታዲያ ምንድን ነው ያሉት?»

ወደ መኪናው ዞርኩ። መኪናው አጠገብ ሆሶዳ ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ እንጃ፣ ፈቀቅ ብሎ ጎማ ቤቱን ማየት ጀመረ። ለኔ ቦታ ለቀቀልኝ።

ሄድኩ። መስኮቱ ክፍት ነው። ናጊ ቀበቶ ታስራ እግሯን ታወዛውዛለች።

«ናጊ፣ አያትሽ አንድ ነገር ሊነግርሽ ነው።»

«እኔም አለኝ! እኔ ልቅደም?»

«እሺ።»

«አዲሱ ቤታችን አጠገብ የሚዞር ሱሺ ቤት አለ። ባለፈው ቤት ልናይ ስንሄድ በላን። ግን ችግር አለው።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «መስመሩ በተቃራኒ ነው የሚሄደው። ከወዲያ ወደዚህ። አንተ እንደ ሁልጊዜህ ከተቀመጥክ ሳህኑ መጀመሪያ እኔ ዘንድ ነው የሚመጣው። ብዙ አሰብኩበት። ቦታ እንቀይር ይሆን? ወይስ ማንሳቱን እኔ ላድርገው፣ አንተ ዝም ብለህ ተቀመጥ? አንተ ደግሞ ቁጥር አታይም።»

ያን ሁሉ ቀን የተለማመድኩት ቃል ከአፌ ወዴት እንደሄደ አላውቅም።

«አንቺ አንሺ» አልኳት።

«እሺ። አንተስ ምን ልትለኝ ነበር?»

ሳኦሪ ከኋላዬ ቆማለች።

«እሱ ቤት... ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?» አልኩ።

ናጊ አታውቅም፤ ወደ ሆሶዳ ዞረች። ሆሶዳ ከጎማዎቹ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ መለሰ። ሳኦሪ ጠጋ አለች። ኮቴን እንደገና ቆለፈችልኝ፤ ፀሐይ ነበር፣ ብርድም የለ።

ቤት ስደርስ ጎንዳ በሬ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

«አልካቸው?»

«አልኳቸው።»

«እነሱስ ምን አሉህ?»

«ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ይከፈታል አሉኝ።»